የቴሌግራም ቻናል ለአነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት፦ ከኮምቦልቻ የተጻፈ ግምገማ

የምሠራበት ድርጅት በኮምቦልቻ የሚገኝ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ሲሆን፣ ለሕንፃ መሣሪያ፣ ለመኪና መለዋወጫና ለመድኃኒት መደብሮች የሽያጭና የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ደንበኞቻችን በአብዛኛው የኮምቦልቻና የደሴ ነጋዴዎች ናቸው። ፕሮግራሙን ሠርቶ መሸጥ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ አጠቃቀሙን ማስረዳት፣ አዲስ የተጨመረውን ማሳወቅና ችግር ሲያጋጥም ፈጥኖ መድረስ ነው። ይህን ሥራ የምናከናውነው በዋናነት በቴሌግራም ቻናል፣ ከእሱም ቀጥሎ በራሳችን ዌብሳይት ላይ ባለው ብሎግ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምሩ ወገኖች ይጠቅም እንደሆነ በማለት የታዘብኩትን ጽፌአለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ መልእክትን ከነጋዴው እጅ ለማድረስ በአካባቢያችን ከቴሌግራም ቻናል የሚሻል ነገር አላገኘሁም፤ የተጻፈውን ለማኖር ግን ቻናል ብቻውን አይበቃም።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 በወንድማማቾቹ በፓቬልና በኒኮላይ ዱሮቭ የተጀመረ ሲሆን፣ የቻናል አገልግሎትን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቡድን ወይም ግሩፕ የሚባለው እስከ 200,000 አባላት ሲይዝ፣ የቻናል ተከታዮች ቁጥር ግን ገደብ የለውም። ለእኛ የሚያስፈልገን የቁጥሩ ብዛት ሳይሆን ሌላው ልዩነት ነው። በግሩፕ ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በቻናል ግን ተከታዩ ሌላውን ተከታይ አያይም። በደሴ ፒያሳ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት የመለዋወጫ ነጋዴዎች የየራሳቸውን የዕቃ ዝርዝር በምን ፕሮግራም እንደሚይዙ ለጎረቤታቸው ማሳወቅ አይፈልጉም፤ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጎረቤታቸው እንዲያይባቸው ደግሞ ጨርሶ አይፈልጉም። በግሩፕ ስንሠራ ዝም ይሉ የነበሩ ደንበኞች በቻናል ከሆንን በኋላ በግል መጠየቅ የጀመሩት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። አስተያየት እንዲሰጥ ሲፈለግ የውይይት ግሩፕን ከቻናሉ ጋር ማያያዝ የሚቻል ቢሆንም፣ እኛ ሆን ብለን አላያያዝነውም።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም ፋይል መላክ ነው። ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ አንድ ፋይል መላክ ስለሚቻል፣ የፕሮግራሙ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ባለሙያ ፍላሽ ይዞ የሐረጎን አቀበት ወደ ደሴ መውጣቱ ቀርቷል። የተሳሳተ መመሪያ ከተለጠፈም በኋላ ማስተካከል፣ አስፈላጊውን ጽሑፍ ከላይ መሰካት፣ ማታ የተጻፈውን ጠዋት ሱቅ በሚከፈትበት ሰዓት እንዲወጣ ቀጠሮ መስጠትና ያለ ድምፅ መላክ ይቻላል። በተለይ ያለ ድምፅ የመላኩ ነገር እንደ ቀላል መታየት የለበትም፤ ነጋዴ ስልኩ ያለ ጉዳይ ደጋግሞ ከጮኸበት ቻናሉን ያፍነዋል፣ ከታፈነ በኋላ ደግሞ ዋናው ማስታወቂያም ሳይታይ ያልፋል።

ቻናሉና ብሎጉ እንዴት እንደሚደጋገፉ አንድ ጉዳይ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት በድምፅ መልእክት፣ «ልጄ፣ የዕቃ ማውጫው ወረቀት ላይ ቁጥሩ በደንብ ይወጣል፤ አማርኛው ግን ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኗል፤ መጋዘን ያለው ልጅ ምኑን አንብቦ ያውጣ?» ብለው ላኩልን። ባልደረባዬም፣ «አብሽሩ እትዬ፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ አሁኑኑ እናስተካክለዋለን» ብላ መለሰችላቸው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በየሱቁ የምናያቸው ትንንሽ የሙቀት ፕሪንተሮች ፊደላትን የሚያትሙት በውስጣቸው ከተቀመጠ የፊደል ሰንጠረዥ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ሰንጠረዥ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጽሑፉን እንደ ፊደል ከመላክ ይልቅ በኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ምስል ለውጦ ቢልከው ፕሪንተሩ እንደ ሥዕል ያትመዋል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አማርኛው ጥርት ብሎ ይወጣል። መፍትሔውን በግል ከነገርናቸው በኋላ፣ በፕሮግራሙ ላይ የትኛው ሜኑ ተከፍቶ የትኛው ምርጫ እንደሚነካ ከስክሪንሹት ጋር በብሎጉ ላይ ጻፍነው፤ በቻናሉም አጠር አድርገን ከማስፈንጠሪያው ጋር ለጠፍነው። ስክሪንሹት በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ በላዩ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ጥራቱን ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ድርጅት ደንበኛው ሊያነበው የማይችለውን መመሪያ ሲልክ ይኖራል።

ቻናሉ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ ከወራት በኋላ በሌሎች መልእክቶች ስር ይቀበራል። በቻናሉ ውስጥ በቃል መፈለግ ይቻላል፤ ሆኖም «ሕትመት» ተብሎ የተጻፈውን «ህትመት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል፤ የእኛ ሰው ደግሞ በስልኩ የሚጽፈው እጁ በለመደው ሆሄ ነው። ገና ደንበኛችን ያልሆነ፣ የቻናላችንንም ስም የማያውቅ ነጋዴ ችግሩን በጉግል ሲፈልግ የሚያገኘን በብሎጉ እንጂ በቻናሉ አይደለም። ብሎጋችን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ዎርድፕረስ በተባለ የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው፤ ዎርድፕረስ ራሱ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ወጪው የዶሜይን (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) እና የሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ቦታ) ኪራይ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ አድራሻ፣ ቀንና ርዕስ ስላለው፣ ያው ጥያቄ እንደገና ሲመጣ አንድ ማስፈንጠሪያ መላክ ይበቃል። አማርኛው ግን በዩኒኮድ፣ ማለትም ፊደላት በየትኛውም ስልክና ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት፣ መጻፍ አለበት። በድሮ ዓይነት የአማርኛ ፎንት ተጽፎ የተገለበጠ ጽሑፍ በሌላው ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ የፍለጋ ሞተርም አያውቀውም።

ስለ ፌስቡክ ገጽና ስለ ቲክቶክ ብዙ የምለው የለኝም። አዲስ ሰው ስማችንን እንዲሰማ ይረዳሉ፤ ፕሮግራሙን ገዝቶ የተቸገረን ሰው ግን አይረዱም፤ የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ የሚወስነውም ድርጅቱ ሳይሆን የመድረኩ አሠራር ነው። ሊንክድኢን ደግሞ ለነጋዴው ሳይሆን በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምረው ለሚወጡ ወጣቶች ይጠቅማል፤ ሠራተኛ ስንፈልግ እንጠቀምበታለን።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በአንድ መድረክ ላይ ተንጠልጥሎ የመቅረት አደጋ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ያለ ቪፒኤን (እገዳን ለማለፍ የሚረዳ ፕሮግራም) ለመክፈት አስቸጋሪ ሆነው ቆይተዋል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ኢንተርኔት ጨርሶ ሲጠፋ ብሎግም አያድንም። በዚህ ምክንያት የምንጽፈውን ዋና ዋና መመሪያ ሁሉ ለማተም በሚመች መልክ እናዘጋጃለን፤ ፕሮግራሙ ሲተከልም በወረቀት አትመን ከገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ አጠገብ እናኖራለን። የደንበኞችን ስልክ ቁጥርም ከቴሌግራም ውጭ በራሳችን መዝገብ እንይዛለን፤ ተከታይ አለኝ ብሎ የተከታዮቹን ስልክ የማያውቅ ድርጅት መስመሩ በተቋረጠ ቀን ከደንበኞቹ ጋር ይለያያል።

በመጨረሻ የማነሣው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው በቴሌግራም የሚላክ ሁሉ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ቁልፍ ያለው «ምስጢራዊ ውይይት» ተብሎ ለብቻው በሚከፈተው ክፍል ነው፤ የተለመደው ውይይትና ቻናል በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ። በሌላ ድርጅት ስምና ምልክት ተመሳሳይ ቻናል መክፈትም ለማንም ቀላል ስለሆነ፣ ክፍያ በቴሌግራም መልእክት እንደማንጠይቅ በተሰካው ጽሑፍ ላይ አስፍረናል፤ ትክክለኛው የቻናል አድራሻም በዌብሳይታችን ላይ ይገኛል። ደንበኛ ችግሩን ለማሳየት ብሎ ሙሉ የሽያጭ መዝገቡን ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ያለበትን ሰነድ ሲልክልን፣ ባለሙያው ፋይሉን ተቀብሎ ችግሩን ካየ በኋላ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ይሰርዘዋል፤ መሰረዙንም ለደንበኛው ደውሎ ይነግረዋል።