ምስጋና ለቮልስ መካኒካችን (ነክሶ አልፈታ ያለ ቡሎን ላስቸገራችሁ ሁሉ)

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠሩ አንድ የቮልስ መካኒክ አሉ። ስምና ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጽፈውም፤ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሰሞኑን በፈረንጆች የ1969 ሞዴል በሆነ 1300 ቮልስ ላይ የሠሩትን ግን በዝርዝር ላስቀምጥ። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለሳቸውም ለእናንተም አይጠቅምም።

መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽ ሲገባም ከኋላ «ጓ» ይላል። በቮልስ ሞተሩ የራሱ መቀመጫ የለውም፤ በአራት ቦታ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ታስሮ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ሸክሙን የሚይዙት ካምቢዮው የተቀመጠባቸው ጎማዎች (የሚሽከረከሩት ሳይሆኑ የላስቲክ መቀመጫዎቹ) ናቸው። ስለዚህ ቮልስ ላይ «የሞተር ጎማ አለቀ» ከተባለ የካምቢዮው ጎማ አለቀ ማለት ነው።

ጋሼ ግን ወዲያው ጎማ ግዙ አላሉም። ከታች ገብተው የፍሪሲዮን (የክላች) ካቦ የሚያልፍበትን ተጣጣፊ ቱቦ ለኩ። ይህ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ረገብ ማለት አለበት። ቀጥ ካለ ፍሪሲዮኑ እያነቀ ይለቃል፤ መኪናውም ልክ ጎማ እንዳለቀበት ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ቱቦው ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት) መጨመር ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም። ደህና ጎማ አስቀይሮ ከነችግሩ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ያላየለት ነው። እዚህ ቱቦው 30 ሚሊ ሜትር ስለነበር ወደ ጎማዎቹ ዞሩ። ካምቢዮውን በክሪክ ትንሽ ሲያነሱት የቀኙ ጎማ ከብረቱ ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ።

የካምቢዮውን የኋላ ጎማ ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። የባትሪው ገመድ ይፈታል (ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው)፣ የነዳጁ መስመር ይደፈናል፣ ካቦዎቹ ይነቀላሉ። ከዚያ የሚቀሩት በ17 ቁልፍ የሚፈቱት አራት ማሰሪያዎች ናቸው፦ ከላይ ሁለት ቡሎን፣ ከታች ሁለት ዳዶ። ከታቹ አንዱ ዳዶ ነክሶ ነበር።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ረዳታቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ጥርሱ ያለው ምን ላይ ነው?» ማሰሪያው የተጠመዘዘበት ጥርስ ማለታቸው ነው። የታችኛው ዳዶ የሚታሰርበት ዘንግ የተተከለው የሞተሩ ቤት ላይ ነው፤ የቮልስ ሞተር ቤት ደግሞ ማግኒዥየም ነው። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ተሰክቶ ቢጠመዘዝ ዳዶው እንደነከሰ ዘንጉ ከነጥርሱ ተነቅሎ ይመጣል። ያን ጊዜ ቀዳዳው ወደ 14 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ፣ በውጭ የ14 በውስጥ የ10 ጥርስ ያለው ቡሽ (የብረት ቀለበት) ካልገባበት በቀር ሞተሩ አይታሰርም። እሳትም እዚያ ቦታ አይቀርብም። ስለዚህ መሥዋዕት የሚሆነው ዳዶው ነው። የመጋዙን ምላጭ ከእጀታው አውጥተው፣ አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው ዳዶውን በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ ቆረጡት። ጥርሱ ጋ ለመድረስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር አቆሙና ስካርፔሎ (የብረት መሮ) አስገብተው መቱት፤ ዳዶው ተሰነጠቀና በጣት ተፈታ። ዘንጉ ላይ ጭረት የለም።

ሞተሩ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ክሪክ ላይ ተቀምጦ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ካልተሳበ በካምቢዮው ዘንግ ላይ ይንጠለጠልና የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምማል። ረዳታቸው፣ ልጅ ቢሆንም፣ ይህን በሚገባ ያውቃል።

ዋናው ፈተና ካምቢዮውን የያዘውን ብረት ከሻሲው ሹካ (ካምቢዮውን ከግራና ከቀኝ ከሚያቅፈው የሻሲው ጫፍ) ጋር የሚያስሩት ሁለቱ ትልልቅ ቡሎኖች ነበሩ። ውፍረታቸው 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁልፋቸው 27፤ ሲታሰሩ 230 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ጉልበት መለኪያ ነው) ይጠብቃሉ። ጭቃና ውሃ የሚረጭባቸው ቦታ ላይ ስለሆኑ በዝገት የሚያያዙት እነሱ ናቸው። ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ የዝገት መፍቻ ዘይት ተቀቡ፤ ቡሎኑ ጭንቅላት ላይ ሳይሆን ከሹካው ጋር በሚገናኝበት ክፍተት። ዘይት በተደረገ ቁጥር ጭንቅላቱ ቀጥ ባለ ምት አሥር አሥራ አምስት ጊዜ በመዶሻ ይመታል፤ ዝገቱ ካልተሰነጠቀ ዘይቱ መግቢያ የለውም። የግራው በዚህ ብቻ ወጣ።

የቀኙን ከዚህ በፊት የነካው ሰው ባለ 12 ጎን ቁልፍ ተጠቅሞ ጠርዙን አሟልጦታል። ጋሼ ባለ 6 ጎን ቡሶላ (ጭንቅላቱን ሙሉ የሚያቅፍ ቁልፍ) በመዶሻ አስገቡበት፣ መጀመሪያም ለመፍታት ሳይሆን ትንሽ ለማጥበቅ ሞከሩ። እምቢ አለ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ጨምሮ መንጠልጠል የሚወድ ብዙ ነው፤ ግን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል ወደ 600 ኒውተን ሜትር ይሆናል፣ ቡሎኑ ከታሰረበት ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ። ቡሎን ሊበጠስ ሲል ከመዞር ይልቅ እንደ ማስቲካ ለጠጥ ይላል፤ እጅ ላይ ይታወቃል። ጋሼ ያን ሲሰሙ ቁልፉን አስቀመጡ።

እዚህ ጥርሱ ብረት ውስጥ ስለሆነ እሳት ይፈቀዳል። ነገር ግን ስንዝር በማይሞላ ርቀት ማግኒዥየም የሆነው ካምቢዮ አለ፣ የፍሬን ጎማ (የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ) አለ፣ የነዳጅ መስመር አለ። መስመሩ ተደፍኖ ወደ ጎን ታሰረ፣ የፍሬኑ ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቀለለ፣ በካምቢዮውና በነበልባሉ መካከል ላሜራ ቆመ። አጠገባቸው ያስቀመጡት አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ እንጂ ውሃ አይደለም፤ የተቀጣጠለ ማግኒዥየም ላይ ውሃ ሲፈስ ሃይድሮጅን ይፈጠርና እሳቱ ይብሳል። የብየዳው ነበልባል ያረፈው ቡሎኑ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ባለው ሹካ ላይ ነው። ብረቱ በ300 ዲግሪ ያህል ሲግል 18 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚሰፋው 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለዝገት ግን ይበቃል። ቀይ እስኪሆን አይጠበቅም።

ነበልባሉ እንደተነሳ ጋሼ ከኪሳቸው ጧፍ አውጥተው የጋለው መገጣጠሚያ ላይ ነካ አደረጉት። ሰሙ ቀለጠና ጭስ እያወጣ በክፍተቱ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ቀጭን ዘይት በዚያ ሙቀት ተቃጥሎ ሲያልቅ ሰም ግን ይገባል። ቡሶላው ሲገባ ቡሎኑ «ቀጭ» አለ። ከዚያ ሩብ ዙር ወደ ውጭ፣ የዚያን ግማሽ ወደ ውስጥ፣ እንዲህ እያደረጉ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። በአንድ ጊዜ ቢስቡት የዝገቱ ዱቄት ጥርሱ ውስጥ ተጠቅጥቆ እንደገና ይነክስ ነበር።

ሲገጠም የሻሲው ጥርስ በጥርስ ማውጫ ተጠራ (ውፍረቱ 18፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር)፣ የተሟለጠው ቡሎን ተጣለ፣ አዲሱ ላይ መዳብ ያለው ግራሶ በስሱ ተቀባ። ጎማዎቹ እንዳይጣመሙ ሁሉም ማሰሪያ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ገባ፣ ካምቢዮው ቦታውን ከያዘ በኋላ ጠበቀ። የሞተሩ አራት ማሰሪያዎች 30 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ በጉልበት የሚያስር መካኒክ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በመጨረሻ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ባዶ ጉዞ (ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚወርደው) ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ተስተካከለ። መኪናው አሁን በሁለት ጣት ማርሽ ይገባል።

ጉድለታቸውንም ልናገር፦ ስልክ አያነሱም፣ «ነገ» ካሉም ከነገ ወዲያ ነው። ዋጋ ግን ከመጀመራቸው በፊት ይቆርጣሉ፣ ቡሎን ነከሰ ብለው አይጨምሩም። ስትሄዱ የካምቢዮ ጎማ ገዝታችሁ አትሂዱ፤ የመኪናውን ሞዴል ዓመት ንገሯቸው፣ በፈረንጆች እስከ 1972 ያለው የካምቢዮ የኋላ ጎማ ከ1973 ወዲህ ላለው አይገጥምምና።