ሜትር ይዤ መኪና ሥር ገባሁ

ሥራዬ ታፒሴሪ ነው። የመኪና ወንበር እሰፋለሁ፣ ጣሪያ አለብሳለሁ፣ የተቀደደ እጠግናለሁ። ቄራ አካባቢ ባለችው ሱቄ ደጃፍ በቀን ሦስት አራት መኪና በሩን በርግዶ ይቆማል። ሌላው ሰው መኪናን የሚያውቀው በመልኩ ነው። እኔ የማውቀው ወንበሩ ከወጣ በኋላ ባለው ገመናው ነው። ምንጣፍ ሥር ያላገኘሁት ነገር የለም፤ የጆሮ ጌጥ፣ ያልተፋቀ ሎተሪ፣ አንዴ ደግሞ የደረቀ የጥምቀት ሎሚ።

ዘንድሮ ግን እኔው ገዢ ሆንኩ። ዕቁቡ ደረሰኝ። ትንሿን መኪናዬን ሸጥኩና ከፍ ያለች ግን ያልገዘፈች ልፈልግ ወጣሁ። ያስወጡኝ ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ከአያት ወደ ቤቴ የሚያስገባው ነው፤ ኮብልስቶኑ ያልቅና ድንጋይና ጭቃ ይቀበልሃል። ሁለተኛው እናቴ ጋ የሚወስደው ነው። እናቴ ያለችው ከእምድብር ወጣ ብሎ ነው። የጉራጌ ልጅ ደግሞ ለመስቀል አገር ቤት ካልገባ ዓመቱን ሙሉ ሲወቀስ ይኖራል። መስቀል የሚውለው ክረምቱ ወጣ ተብሎ ጭቃው ገና ሳይወጣ ነው።

ባለፈው መስቀል መኪናዬ ከእናቴ በር 400 ሜትር ሲቀራት ቆመች። መንገዱን የጭነት መኪና ጎማ ግራና ቀኝ ቦርቡሮት መሃሉ ጉብ ብሎ ቀርቷል። ሆዷ እዚያ ላይ ተንተራሰ። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። የሰፈሩ ልጆች እየሳቁ ገፍተው አወጡን። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ከኪሴ ሜትር አውጥቼ ጉብታውን ለካሁት። 20 ሳንቲም። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ለውድድር የቀረቡት ሦስት ናቸው፤ ቶዮታ ራሽ፣ ሱዙኪ ቪታራና የቻይናዋ የኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ። ሃዩንዳይ ክሬታንም አይቻት ነበር። ከመሬት 19 ሳንቲም ከፍ ትላለች፣ ቆንጆም ናት። በያዝኩት ብር ልቤ የወደዳትን ስላላገኘሁ ተውኳት። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አይገባም ስለተባለ ራሽና ቪታራ የምትገዛው ቀድሞ ከገባው ላይ ነው። ከሰው እጅ፣ በደላላ። ዩዋን ፕላስ ግን ላስቲኩ ሳይነሳ ታገኛታለህ። ስለዚህ የማወዳድረው ሌላ ሰው የነዳትን ከአዲስ ጋር ነው። ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን ገበያው እንዲህ ነው።

ከመልክ እንጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ።

ራሽ በጠባብ ትከሻ ላይ የተሰፋ ረጅም ኮት ይመስለኛል። ከፊት ሲያዩት ትንሽ ፎርቹነር ነው። ከጎን ሲያዩት ቀጭን ነው። ውስጡ ጠንካራ ፕላስቲክና ጨርቅ ወንበር ነው። እኔን የጠቀመኝ ይሄ ነው፤ የራሽ ባለቤት ሁሉ ሽፋን ሊያሰፋ ይመጣል። ቪታራ ልኳን የለበሰች ናት። ኮፈኗ ጠፍጣፋ፣ ትከሻዋ ቀጥ ያለ፣ ትርፍ የሚባል ጨርቅ የለባትም። ውስጧ ላይ፣ በሁለቱ የአየር ማስወጫዎች መሃል፣ ባለ ዘንግ ክብ ሰዓት አለ። የቤት ግድግዳ ሰዓት ይመስላል። ምን እንደሆነ አላውቅም ይቺ ሰዓት ደስ ትለኛለች። (ራሽን «እሱ» ቪታራን «እሷ» ማለት ከየት እንደለመደብኝም አላውቅም።)

ዩዋን ፕላስ ግን ሌላ ዓለም ናት። የቢዋይዲን ዲዛይን የሚመራው ቮልፍጋንግ ኤገር ነው፤ ቀድሞ አልፋ ሮሜኦና አውዲ ውስጥ የነበረ። ከውጭ ረጋ ያለች መኪና ናት። ውስጧን ሲሠሩ ግን ጂምና ሙዚቃ ቤት አንድ ላይ አስበዋል። የአየር ማስወጫዎቹ የክብደት ማንሻ ይመስላሉ። የበሩ ኪስ ላይ ሦስት ቀያይ ክሮች ተወጥረዋል፣ እንደ ጊታር። ሲነኳቸው ይጮኻሉ! ጎረቤቴ ስለገዟት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ልጅቷ እየመታች አልወርድም አለች። እኔ ግን እንደ ሙያዬ ያየሁት ሌላ ነው። ክሩ ሥር እንጀራ ቢፈረፈር፣ ኩኪስ ቢወድቅ፣ በምን ይወጣል? ወንበሯ ደግሞ የራስ መደገፊያው አብሮ የተሠራ ነው። ለዓይን ያምራል። ሽፋን ለመስፋት ግን ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል።

ሽፋን ካነሳሁ አንድ ምክር ጣል ላድርግ። ወንበሩ ጎን ላይ «ኤርባግ» የሚል ጨርቅ ከተለጠፈ እዚያ ላይ ድፍን ሽፋን አታሰፉ። ባሉኑ የሚወጣው በዚያ ስፌት ነው። ሰፊው «ችግር የለውም» ካላችሁ ሌላ ሰፊ ፈልጉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ደላሎች «ግራውንድ ክሊራንስ» ይሉታል፤ ከመኪናው ሆድ እስከ መሬት ያለው ክፍተት ነው። በወረቀት ላይ ራሽ 22፣ ቪታራ 18 ተኩል፣ ዩዋን ፕላስ 17 ተኩል ሳንቲም። በወረቀት ነገሩ አልቋል፣ ራሽ አሸነፈ። ግን ይሄ ቁጥር የባዶ መኪና ነው። ለመስቀል ባዶ መኪና ይዞ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም። ባለቤት አለች፣ ልጆች አሉ፣ ለእናት የሚጫን አለ። ስትመለስ ደግሞ ቆጮውና ቅቤው አለ።

እናም መለካት ጀመርኩ። መጀመሪያ የጎረቤቴን ዩዋን። ጋሼ በረንዳ ላይ ቡና ይጠጣሉ፣ እኔ ካርቶን አንጥፌ መኪናው ሥር ተኝቻለሁ።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ሥር ምን ጣልክ?»

«ምንም አልጣልኩም ጋሼ፣ ልለካት ነው።»

«ቀሚስ ልትሰፋላት ነው?»

በባዶዋ እንደ ወረቀቱ ነች። ጋሼና ቤተሰባቸው አምስት ሆነው ሲገቡ ወደ 15 ተኩል ወረደች። ሥር ሆኜ ያየሁት ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። ሆዷ ከፊት እስከ ኋላ ልሙጥ ነው። ለነፋስ ጥሩ ነው፣ የሚንጠለጠል ነገር የለም። ግን ያ ልሙጥ ነገር ባትሪው ነው። የመኪናዋ ውዱ ዕቃ መሬቱን ቁልቁል እያየ ይሄዳል። መከላከያ አለው፣ ባዶውን አልተተወም። ቢሆንም ሌላው መኪና ድንጋይ ሲነካው «እሰይ፣ ጭስ ማውጫው ብቻ ነው» ትላለህ። እዚህ እንዲያ ብለህ አትጽናናም።

ራሽን የለካሁት ሱቄ ደጃፍ ነው፣ ሽፋን ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ አስፈቅጄ። ሰባት ሰው ይጭናል ስለሚባል ሠራተኞቼንና የጎረቤት ሱቅ ልጆችን ሰብስቤ ሞላሁት። ስድስት ሰው ሆኖ 19 ከምናምን ቀረው። ሰባተኛው እኔ ነበርኩ፣ ሥር ተኝቼ።

ቪታራ አምስት ሰው ይዛ 16 ተኩል ሆነች። ከዩዋን የምትበልጠው በአንዲት ሳንቲም ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማይለካው ነገር አለ፤ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት። ቪታራ 2 ሜትር ተኩል ናት። ዩዋን 2 ሜትር ከ72። 22 ሳንቲም ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ረጅም ጠረጴዛ መሃሉ ላይ እንደሚረግበው አስቡት። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የፊት ጎማ አልፎ የኋላው ሳይደርስ የሚነካው መሃሉ ነው። እኛ ሰፈር አንዱን ጉብታ ማን እንደሠራው አይታወቅም፣ አንድ ቀን ጠዋት ተገኘ። እዚያ ላይ አጭር መኪና ዘላ ትሄዳለች፣ ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ቪታራንም ሳላማ አልቀርም። የፊት ፓራውልቷ ዝቅ ያለ ነው። ገደላማ መውጫ ላይ ቀድሞ መሬት የሚስመው አገጯ ነው። ራሽ በዚህ በኩል አፍንጫው ከፍ ያለ ነው።

ታዲያ ራሽን ለምን አልገዛኸውም? ነዳሁት። ሞተሩ 1.5 ነው፣ 104 የፈረስ ጉልበት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 104 የተባለው ፈረስ እኛ ጋ ሲደርስ 80 አይሞላም። ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ነው። ዳገት ላይ ስትረግጠው ድምፁ ይቀድማል፣ መኪናው ቆይቶ ይከተላል። ቁመቱም ኩርባ ላይ ይታወቃል፤ ይወዛወዛል። የሚነዳው የኋላ ጎማው ነው። ኋላው ሲጫን ዳገት ጥሩ ይይዛል፤ ባዶ ሆኖ ጭቃ ላይ ግን ጭራው ወዲያና ወዲህ ይላል። ስድስት ሰባት ለሚሆን ቤተሰብ፣ ገጠር ለሚመላለስ ሰው፣ ከራሽ የሚሻል አላየሁም። እኛ አራት ነን።

ቪታራም የከፍታው ቅጣት አለባት። 1.6 ሞተር፣ 117 የፈረስ ጉልበት፣ ከዚያ ላይ ሩቡን ቀንሱ። የሚያድናት ቅለቷ ነው። ዩዋን ፕላስ ከ1,700 ኪሎ በላይ ስትመዝን ቪታራ ከ1,200 ብዙም አትርቅም። ዩዋን ግን ስለ አየሩ ግድ የላትም። ኤሌክትሪክ አይተነፍስም። 204ቱ ፈረስ እንዳለ እዚሁ አለ። ጋሼ አንዴ ወስደውኝ እግራቸውን ጫን ሲያደርጉ ወንበሩ ላይ ተለጠፍኩ። ሰውየው 60 ዓመት አልፏቸዋል፣ እንደ ጎረምሳ ይስቃሉ።

ስለ ገንዘብ። እውነቱን ለመናገር በከተማ ውስጥ ዩዋን ሁለቱንም ታስከነዳለች። ግቢ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል። የነዳጅ ሰልፍ የለም፣ ዘይት ቅየራ የለም። ባለቤቴ ዩዋንን መርጣ ጨርሳ ነበር፣ ስሌቷም ትክክል ነው። «ለአምስት ቀን የመስቀል መንገድ ብለህ ዓመቱን ሙሉ ነዳጅ ልትሰለፍ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ብቻ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ በአውሮፓ ልኬት 420 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። እናቴ ጋ ደርሶ መልስ 400 አይሞላም። ይበቃል ማለት ነው፣ ለጥቂት። እኔ ደግሞ ለጥቂት የሚበቃ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።

ዩዋን ልትገዙ ካሰባችሁ ሁለት ነገር እዩ። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የገቡት የቻርጅ መሰኪያቸው የቻይናው ዓይነት ነው፣ ስክሪናቸውም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ አረጋግጡ። ሌላው ስኮርታ ነው። እኔ ባየኋት ላይ ስኮርታ የለም፣ የጎማ መድፈኛና ትንሽ ፓምፕ ብቻ። ለቦሌ መንገድ ይበቃል።

በመለዋወጫ በኩል ራሽና ቪታራ ሶማሌ ተራ ስትገባ ስማቸውን ጠርተህ ዋጋ ትከራከራለህ። ይሄ ብቻውን ዋጋ አለው። ደላላው በበኩሉ የማየውን ሁሉ «ወንድሜ፣ ይሄማ አውሮፕላን ነው» ይለኛል። ሦስተኛው አውሮፕላን ላይ ሰለቸኝ፣ ሜትሬን ሳወጣ ዝም አለ።

ቪታራን ገዛሁ። አራቱም ጎማ የሚሠራላትን፣ ጭቃ ላይ የምትቆልፍበት ማዞሪያ ያላትን። ሃንጋሪ ውስጥ የተሠራች፣ ነጭ። ቀድሞ የነዳት ሰው ወንበሩ ላይ ሲጋራ አጭሷል፤ ሁለት ቦታ ተበስቷል። ያን ለእኔ ተዉት። ባለቤቴ ሦስት ቀን አኩርፋ በአራተኛው ቀን ክብ ሰዓቷን አስተካክላ ሞላችልኝ።

እናቴ በስልክ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ በሩ ድረስ ትመጣለች?»

ጉብታው 20 ነው። ቪታራ ባዶዋን 18 ተኩል። የመጨረሻዋን 400 ሜትር ባለቤቴና ልጆቹ በእግር ይሄዳሉ። ለቀረችው አንድ ሳንቲም ተኩል ዶማ ጭኛለሁ።