ነፋሱን ችለነው ነበር፣ አከራዮቹን ነው ያልቻልናቸው

በበጋ ከአዳማ ወደ አሰላ በብስክሌት ለመውጣት ያሰበ ካለ ይህችን አንብቦ ይሂድ። በተለይ ብስክሌቱን አዲስ አበባ የሚከራይ። በተለይ ደግሞ እንደኔ ከውጭ መጥቶ "ችግር የለም" ሲሉት ደስ ብሎት የሚፈርም።

የምኖረው ሆላንድ፣ ሮተርዳም ነው። ነፋስ እዚያም ሞልቷል። ዜላንድ በሚባለው አውራጃ እንዲያውም ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ የመጋለብ ውድድር አለ። ባሕሩን በሚገድበው ግንብ ላይ 8.5 ኪሎ ሜትር፣ ማርሽ በሌለው ብስክሌት። ነፋሱ ካልበረታ ውድድሩ አይካሄድም። ይህን የምለው ቅሬታዬ የነፋስ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ከሰፈር ጓደኛዬ ጋር ያሰብነው ከአዳማ ተነስተን በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ በኩል ሻሸመኔ ወርደን ሐዋሳ ላይ ለመጨረስ ነው። እስከ አዳማ ብስክሌቶቹን በመኪና ጫንን። ፈጣን መንገዱ ብስክሌት አያስገባም። በአሮጌው መንገድ ከጅቡቲ ተሳቢዎች ጋር መጋፋት ደግሞ የጤና አይደለም።

አከራዩ፣ ስሙ ይቅርና፣ ቢሮው ያምራል። ቡና ያፈላሉ። ብስክሌቶቹም ሲያዩአቸው አዲስ ናቸው። ኪራዩን ሙሉውን አስቀድመን ከፈልን፤ ማስያዣም አስያዝን። በዚያ ላይ "የአደጋ ጊዜ መኪና" ለሚሉት አገልግሎት ለብቻው ከፈልን። የትም ብንበላሽ ያሉበት ድረስ መጥተን እናነሳለን ብለው በውሉ ላይ ጽፈዋል።

አዳማን በጠዋት ለቀቅን። እስከ አዋሽ መልካሳ ቁልቁል ስለሆነ ሳንደክም ደረስን። ነፋሱ የተነሳው ድልድዩን ተሻግረን ወደ ዴራ ዳገቱን ስንጀምር ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ። አዳማ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሆላንድ ውስጥ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። ይሄኛው አቧራና ጭድ ነው የሚሸተው። አፌ አሸዋ ሞልቶ ሳለ ልቤ በደስታ ነበር የሚመታው፣ ምን አለፋችሁ።

የሚያስፈራው ነፋሱ ከጎን መሆኑ ነው። ከግራ ይመጣል፤ አንተም ላለመውደቅ ወደ ግራ ታዘነብላለህ። አይሱዙ አጠገብህ ሲደርስ ነፋሱን ለአፍታ ይጋርደዋል። ያኔ ተደግፈኸው የነበረው ነገር ይጠፋና ብስክሌቱ ወደ መኪናው ይሳባል። መኪናው ሲያልፍ ደግሞ ነፋሱ መልሶ ወደ ጠጠሩ ይወረውርሃል። የሞተር ድምፅ በሰማን ቁጥር ወርደን መግፋት ጀመርን።

ዴራን አልፈን ዳገቱ ላይ እያለን የጓደኛዬ የኋላ ጎማ ቀጭ አለ። የቸርኬው ሽቦዎች ተበጥሰዋል። ቸርኬው ጎብጦ ፍሬኑ ላይ ስለተጣበቀ መግፋት እንኳ አልተቻለም።

ለአከራዩ ደወልን። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። "ወንድሜ፣ አይዞህ፣ መኪናው አሁን ይነሳል" አለኝ። ሰባት ሰዓት ላይ "ሞጆን አልፏል" አለ። ስምንት ሰዓት ላይ "አዳማ ገብቷል፣ ሾፌሩ ምሳ ቀምሶ ይመጣል"። እኛ አንዲት ግራር ሥር ፊታችንን በፎጣ ሸፍነን ተቀምጠናል። ጥላዋ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየናል። አንድ እረኛ ውኃ አመጣልን። የሾፌሩን ስልክ ስጠን ስንል "ኔትወርክ የለውም" ይለናል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስንደውል ሌላ ሠራተኛ አነሳች። ምስኪን፣ የተባባሉትን አልሰማችም መሰለኝ። "የቱ መኪና? የኛ መኪና እኮ ከትናንት ጀምሮ ጋራዥ ነው" አለችን።

ጓደኛዬ ስልኩን ሊወረውረው ነበር።

ባገኘነው ሚኒባስ እስከ ኢተያ ሄድን። ረዳቱ ለሁለቱ ብስክሌት የአራት ሰው ሒሳብ ጠየቀን። ጓደኛዬ በኦሮምኛ ሲከራከረው በግማሽ ወረደ። ሆላንድ ለባቡር የብስክሌት ቲኬት ትገዛለህ፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብትከፍልም አያሳፍሩህም። የኛው ረዳት ቢያንስ ጣሪያ ላይ አውጥቶ በገመድ ጥፍር አድርጎ አስሮልናል። እሱን አልወቅሰውም።

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ። ኢተያ መንገድ ዳር አንድ ብስክሌት ጠጋኝ አለ። ጓደኛዬ "ኦቦ" እያለ ነበር የሚያነጋግረው፤ ሰውየው ትልቅ ናቸው። ጎማውን ፈትተው አገላብጠው አዩትና ጠሩን። ከተበጠሱት ሽቦዎች ሁለቱ የቆየ ስብራት አላቸው። አንድ ሰው በስስ ሽቦ ጠምጥሞ ቀለም ቀብቶባቸዋል። "ይሄን ያከራያችሁ ሰው ጠላታችሁ ነው?" አሉን። ከአሮጌ ጎማ ሽቦ ነቅለው በልኩ ቆርጠው ተኩልን። ቸርኬውን እያሽከረከሩ በዓይናቸው ብቻ አቀኑት። ጓደኛዬ ዋጋው በዛ ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን ሮተርዳም በዚህ ብር ጎማ እንኳ አይነፉልኝም አልኩት። ያ ጎማ ሐዋሳ እስክንገባ ንክች አላለም።

አሰላ የገባነው በማግስቱ ነው። ያረፍንበት ሆቴል ሙቅ ውኃ ነበረው፣ ብስክሌቶቹንም ክፍል ድረስ አስገባን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ነፋሱም እንደዚያ ቀን አልበረታብንም።

ተመልሰን ሒሳብ ስንተሳሰብ አከራዩ ወረቀት አቀረበልን። በመዘግየታችን የተጨማሪ ቀን ኪራይ። "ለተበላሸ ጎማ" ካሳ። ይህ ሁሉ ከማስያዣው ይቆረጣል። የመኪናውን ክፍያ መልሱ ስንል ደግሞ "መኪናው እኮ ለእናንተ ተብሎ ተጠንቀቅ ቆሞ ነበር" አሉን። ጋራዥ ውስጥ! የተቀባባውን ሽቦ ኢተያ ላይ ፎቶ አንስተነው ነበር፤ አሳየናቸው። ቢሮው ውስጥ የነበረው ልጅ ፎቶውን አይቶ "ባለቤቱ ሲመጣ ያነጋግራችኋል" አለ።

ስለዚህ ከከተማ የምትወጡ ከሆነ እዚያው ደጃቸው ላይ ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣት ነካ ነካ አድርጉ። የላላውና የተቀጠለው በድምፁ ይለያል። ለአደጋ ጊዜ መኪና አትክፈሉ። የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ስልክ በውሉ ላይ ከጻፉላችሁ ብቻ።

እኔ ተመልሻለሁ። ጓደኛዬ ዛሬም ይደውልላቸዋል። ባለቤቱ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉታል።