ሶኖማ ወይን ልትገዙ የምትሄዱ፣ ካርቶኑን ሳታስከፍቱ አትክፈሉ

አሥራ ሁለቱም ጠርሙስ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ተደርድሯል። እሁድ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነው፤ ይህን ለእንግዳ አላቀርብም።

ባለፈው ቅዳሜ ከኦክላንድ ተነስተን ካሊፎርኒያ፣ ሶኖማ ውስጥ ፔታሉማ አካባቢ ወዳለ አንድ ወይን እርሻ ለቅምሻ ሄድን። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ፈገግታው፣ ከየት እንደመጣችሁ መጠየቁ፣ «ኢትዮጵያ! ቡናችሁን እወደዋለሁ» ማለቱ፣ አምስት ብርጭቆ፣ መጨረሻ ላይ የክለብ አባልነት ፎርም። ክለቡን እንቢ ስላልኩ የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር።

አራተኛው ብርጭቆ ግን ያዘኝ። የ2019 ፒኖ ኑዋር የሚባል ቀይ ወይን፣ የእርሻው ስም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈበት። በዚያ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ከውቅያኖሱ ነፋስ ይገባል፤ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጠጥ ማለቱን አይተውም። ቼሪ ቼሪ ይላል፣ ኋላ እንደ ሻይ ቅጠል አፍ ያደርቃል። እኔ ከሃያ አሥራ ሰባት ሰጠሁት፤ አጠገቡ የቆመው ካርድ ከመቶ 94 ነጥብ ይላል። ጠርሙሱ 58 ዶላር፤ ካርቶን ለወሰደ 20 ከመቶ ቅናሽ። ከታክስ በፊት 556 ዶላር ከ80 ሳንቲም።

ካርቶኑ ከሚቀዳልን ሰውዬ ኋላ በፕላስተር ታሽጎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ጠጋ ብሎ በአማርኛ «አስከፍቺው» አለኝ። እኔ ግን «የጠጣሁት ይኼው ነው?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ሰውዬው የተከፈተውን ጠርሙስ በአንድ እጁ አንስቶ አሳየኝ፤ በሌላው ካርቶኑን መታ መታ አደረገና ዓይን ዓይኔን እያየ «ራሱ ነው» አለ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ቃሉን ሰጥቶኝ ሳለ ካርቶን ባስቀድድ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ። በይሉኝታ ከፈልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ባለቤቴ ነግሮኝ ነበር።

ትናንት ማታ ስከፍተው የእርሻው ስም የለም። «ካሊፎርኒያ» ብቻ። ዓመቱ 2020። የእርሻ ስም ያለበት ጠርሙስ 95 ከመቶው ከዚያው እርሻ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል፤ «ካሊፎርኒያ» ብቻ የሚለው ግን ከሞቃቱ ማዕከላዊ ሸለቆም የተለቀመ ሊሆን ይችላል። 2020 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ዓመት ነው፤ ስንቱ ገበሬ በጭሱ ምክንያት ቀይ ወይኑን ሳይለቅም የተወበት። አንዱን ቀመስኩ። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዋጡት በኋላ ምላስ ላይ አመድ ይቀራል። 94ቱም የ2019ኙ ነጥብ ነው፤ ይኼኛውን አይመለከትም።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ያው ሰውዬ አነሳው። «የተሸጠ አይመለስም፤ ደረሰኝሽ ላይ ፒኖ ኑዋር አንድ ካርቶን ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሚለው እሱን ብቻ ነው። ቀጥሎ በቀስታ «ለመሆኑ ልዩነቱን ቀምሰሽ ነው ያወቅሽው ወይስ ጽሑፉን አንብበሽ?» አለ። እናቴ ጠጅ ስትጥል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያደግኩ፣ ጠጅን ከብርዝ በሕፃንነቴ የለየሁ ሰው ነኝ። ገንዘቤን የወሰደው ሳያንስ ምላሴንም ናቀው።

ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ። የካርዱና የጠርሙሱ ዓመት አንድ መሆኑን እዩ፤ ደረሰኙ ላይ የእርሻውን ስምና ዓመቱን አስጽፉ።

እኔ ለእሁድ ጠጅ ፍለጋ መውጣቴ ነው።