አራቱ አንቴናዎችና የእናቴ መኝታ ቤት

ይህን ራውተር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ የሚያዳርሰውን ሳጥን፣ ከገዛሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። ሳሎን ውስጥ ስለሚሰጠው አገልግሎት የማማርረው የለኝም፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከሳሎኑ ሁለት ግድግዳ አልፎ የሚገኘው የእናቴ መኝታ ቤት ነው።

በየእሁዱ ማታ ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ በቪዲዮ ትደውላለች። ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር በተሰጠን ባለ ሁለት አንቴና ራውተር ምስሉ እየቆመ እናቴን ስላስመረራት፣ የተሻለ ፍለጋ ወጣሁ። ሻጩ ካርቶኑን እያገላበጠ፣ «ይኼ እኮ አራት አንቴና ነው፤ ግድግዳ ይበሳል!» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። አዲሱ በተተከለ በመጀመሪያው እሁድ ግን እናቴ ጋቢዋን እንደተከናነበች ወንበሯን ይዛ ኮሪደር ወጣች፤ በሁለተኛውም እሁድ እንዲሁ።

ያንን ሻጭ ዛሬ ባገኘው የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ ከአራቱ አንቴናዎች ሁለቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ለሚባለው የዋይፋይ ሞገድ፣ ሁለቱ 5 ጊጋኸርዝ ለሚባለው የተመደቡ ናቸው፤ ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ብሎኬትና ኮንክሪት ሲያጋጥመው ከ2.4ቱ ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ራውተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ፣ የእናቴ ስልክ በዚያች ትንሽ አቅሟ መልሳ ካልተሰማች ንግግር የለም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው በሰከንድ 1200 ሜጋቢትም የሁለቱ ሞገዶች ድምር፣ ማለትም 300 እና 867 ተደምረው ወደ ላይ የተጠጋጉበት ቁጥር እንጂ አንድ ስልክ የሚያገኘው ፍጥነት አይደለም። ቤቴ የሚገባው መስመር 20 ሜጋቢት ብቻ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ቁጥር ምን ላደርገው ነው የገዛሁት?

እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የሻጩ አይደለም። ራውተሩን ለዓይን እንዳያስቀይም ብዬ የሸጎጥኩት ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ ካለው መስታወት አጠገብ ነበር፤ የመስታወት ጀርባ ደግሞ በስስ ብረት የተቀባ በመሆኑ ሞገዱን ይመልሰዋል። አውጥቼ ቡፌው አናት ላይ ሳስቀምጠው ለውጥ አየሁ፤ ሆኖም ለውጡ እናቴን ከኮሪደሩ እስከ መኝታ ቤቷ ደፍ ድረስ ብቻ ነው የመለሳት።

በአምስተኛው ወር ዕቃ ቤት የጣልኩት አሮጌው ራውተር ትዝ አለኝ። የኔትወርክ አድራሻውን ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጭ ወደ 192.168.1.2 ቀየርኩ፤ አድራሻ የማደሉን ሥራ ለአዲሱ ለመተው ዲኤችሲፒውን አጠፋሁ፤ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል አንድ ዓይነት አደረግሁ። ከዚያም አሮጌውን እናቴ መኝታ ቤት አስቀምጬ፣ 20 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ከአዲሱ በኮርኒሱ ላይ አሳልፌ፣ አሮጌው ላይ ኢንተርኔት ተብሎ በተጻፈበት ሳይሆን ለኮምፒውተር በተሠራው ቀዳዳ ሰካሁት። በዚያው እሁድ እናቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ከእህቴ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ስታወራ ምስሉ አንድ ጊዜም አልቆመም።

ስለዚህ ግዢው ይቆጨኛል። ከጅምሩ የሚያስፈልገኝ ኬብሉ ብቻ ነበር፤ አራቱ አንቴናዎች ዛሬ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ቴሌቪዥን ያገለግላሉ። እናቴ ግን አሮጌውን በራሷ እጅ የሠራችውን ዳንቴል አልብሳዋለች፤ አየር ማስገቢያውን እንዳይደፍነው ወደ ኋላ እስበዋለሁ፣ እርሷም መልሳ ታስተካክለዋለች።