ስሱ የጥጥ ጨርቅ ወይስ ወፍራሙ ፎጣ?

ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ ኩሽና ውስጥ እርጥብ ነገር ቶሎ አይደርቅም። ወፍራሙ ፎጣ ያስመረረኝ በዚህ ነው። ጠዋት ዕቃ ያደረቅሁበት ማታም እርጥብ ነው፤ በማግስቱ ይሸታል።

ስሱ፣ አበባ የታተመበት የጥጥ ጨርቅ ግን መስኮት ላይ ሰጥቼው ቡና እስኪፈላ ይደርቃል። ይህ ጨርቅ የመጣው ከዱቄት ከረጢት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እናቶች ባዶውን ከረጢት አጥበው ልብስና ፎጣ ይሰፉበት ነበር። አምራቾቹም ይህን አይተው ከረጢቱን ባለ አበባ አደረጉት። እንዴት ደስ ይላል!

ሽመናው ልሙጥ ስለሆነ የክር ብናኝ አይተውም። ሲኒ ሲወለወልበት ጥርት ይላል። የድፎ ሊጥ እሸፍንበታለሁ፣ አይብም አጠልበታለሁ። በወፍራሙ ይህን አልሞክረውም፤ የቆሙት ክሮቹ ሊጥ ይይዛሉ።

ቆሮሶ ዓሣ ሳጥብ የፈሰሰውን ውሃ ለመምጠጥ ግን ወፍራሙን የሚያህል የለም። የጋለ ድስት ለማውረድም እሱው ነው፤ ስሱ እጅ ያቃጥላል።

ስሱን ከገዛችሁ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ፋብሪካ የቀባው ማጠንከሪያ ካልለቀቀ ውሃ አይመጥም። የልብስ ማለስለሻም አትጨምሩበት።