ኮምቦልቻ ላሉት ጋሼ እና ለጎሚስታው ወንድሜ

ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎችን ለማመስገን ነው። አንዱ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ መውጫ ላይ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ናቸው። ሌላው አጠገባቸው የሚሰራው ጎሚስታ ነው። ስማችንን አትጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም። ፒካፕ ያላችሁ፣ በተለይ ገጠር የምትገቡ፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ስራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ዛሬ ኩታበር፣ ነገ ለጋምቦ ነኝ። የምነዳው የ2008 ስሪት ሀይሉክስ ቪጎ ነው። በክረምት የገጠሩን መንገድ አይሱዙ ያርሰዋል። ጎማ የሄደበት ይሰጥማል፣ መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። የኔ መኪና ሆዷ እዚያ ጉብታ ላይ ይቀመጥና አራቱም ጎማ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ይሽከረከራል። ስንት ጊዜ የገበሬ በሬ ጎትቶ አውጥቶኛል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ወስጄ ከፍ አስደረግኳት። የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ከኋላ በባሌስትራውና (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) በአክስሉ መሃል ወፍራም ብረት ከተቱ። ከፊት ሞላው ላይ ቀለበት ደረቡ። 265/65 የነበረውን ባለ 17 ጎማ አውጥተው ከሱ ሰፋም ከፍም ያለ 285/70 ገጠሙ። በግማሽ ቀን አለቀ። ስታዩዋት ታምራለች፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ መከራው ጀመረ። መሪውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። በሦስተኛ ማርሽ የምወጣው ዳገት በሁለተኛ ሆነ። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ጎናቸው ብቻ ተበሉ። የሲቪ ጆይንቱ (የፊት ጎማን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ) ላስቲክ ተቀዶ ግራሱ ቸርኬው ላይ ተረጨ። ማታ ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጣ ሹፌር ሁሉ መብራት ያበራብኛል፤ ምን አጠፋሁ እያልኩ እገረም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ፍሬኑ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ያን ሁሉ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው የምትወርዱት። አንድ ቀን እናቴን ይዤ በዝናብ ስወርድ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ወጣ። የፍሬን ፔዳሉ ከእግሬ ስር እየራቀ ሲሄድ ይሰማኛል። በማርሽ ይዤ እንደምንም ዳር አወጣኋት። እናቴ ምንም አላለችም፣ ዱዓ ብቻ ታደርጋለች። እኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው ወደ ጋሼ የላከኝ። ስደርስ ኮፈን አላስከፈቱኝም፣ ክሪክም አላነሱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጄ፣ የት የት ነው የምትሄድበት? ምን ትጭናለህ?» ብለው ነው። ነገርኳቸው። በሜትር የመኪናዋን ቁመት በአራቱም ማዕዘን ለኩ። ከዚያ ካርቶን ዘርግተው ከስር ገቡና «ና፣ አንተም ተኝተህ እይ» አሉኝ።

ያሳዩኝን ነገር ብዙ ባለ ፒካፕ የሚያውቀው አይመስለኝም። እንደኔ ዓይነት መኪና ከኋላ በኩል፣ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለው። ጭነት ሲበዛ የመኪናው ኋላ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል። ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ ይላል፣ ቫልቩም የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተት ኃይሉን ይቀንሳል። የኔን መኪና በብረት ከፍ አድርገው ዘንጉን ሳይነኩት ተዉት። ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ያስባል። ፓምፕና ቱቦ ጭኜ ሐረጎን ስወርድ የምትቆመው በአብዛኛው በፊት ፍሬን ነበር ማለት ነው። «ፍሬንህ ደህና ነው፣ ለሱ የተነገረው ነው ውሸቱ» አሉኝ። ይቺን ንግግር አልረሳትም።

ብረቱን አወጡት። በምትኩ ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ጨመሩ። ከፊት ቀለበቱን ጥለው ትንሽ ረዘም ያለ ሞላ ከአዲስ አሞርዛቶር ጋር ገጠሙ። በጠቅላላው ከድሮዋ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ከፍ ያለችው። እኔ ትንሽ ትጨመር ብዬ ለምኛቸው ነበር። «አብሽር፣ ይበቃሃል፤ ከዚህ ካለፈ ሲቪ ጆይንቱ ይጣመማል» ብለው እምቢ አሉ። ተጨማሪ ገንዘብ እከፍላለሁ እያልኳቸው እምቢ ያሉ ባለሙያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ የቫልቩን ዘንግ ለአዲሱ ቁመት አስተካከሉት።

የጎማው ነገር ደግሞ የጎሚስታው ወንድሜ ስራ ነው። 285 ይቅር፣ 265/70 ይበቃል አለ። ከፋብሪካው ጎማ በቁመት 26 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል፣ ከመሬት የሚያነሳችሁ ግን የዚያን ግማሽ ነው። ፓራፋንጎ አይነካም፣ ሞተሩንም አያደክምም። የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል በእውነት 83 ገደማ እንደምሄድ አስጠነቀቀኝ። ስኮርታውም የግድ አንድ ዓይነት ይሁን ብሎ አምስት ጎማ አስገዛኝ። ጎማ ስንገዛ አብሮኝ ሄዶ ጎኑ ላይ ያለውን አራት ዲጂት አነበበልኝ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በፈረንጅ የተሰራበት ዓመት ናቸው። 2319 ካለ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። የመጀመሪያውን ሱቅ ጎማ በዚህ ምክንያት ትተነው ወጣን። ጥርሱ አዲስ ነው፣ ጎማው ግን አርጅቷል።

የጎማውን አቅጣጫ የሚያስተካክል አላይመንት ማሽን ስለሌላቸው ማሽን ወዳለበት ላኩኝና ወረቀቱን ይዘህ ተመለስ አሉኝ። ተመልሼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩት። ማታ ደግሞ ከግድግዳ ፊት አቁመው መብራቱን ዝቅ አደረጉት። ሹፌሮች ለምን እንደሚያበሩብኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

በመጨረሻ 8 ኩንታል አሸዋ አስጫኑኝና ራሳቸው መሪ ይዘው ሐረጎ ድረስ ወጥተን ወረድን። ታች ስንደርስ ወርደው በእጃቸው ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬ ቀረብ እያደረጉ ሙቀቱን አዩ። ፈገግ አሉ። ምንም አላሉም።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ብሎን፣ ከ500 በኋላ የባሌስትራ ብሎን ለማጥበቅ ና ብለውኝ ሁለቴም ሄድኩ። ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ዋጋውም መጀመሪያ ወረቀት ላይ የጻፉልኝ ነው፣ አልጨመሩም።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድርሳችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ አርብ ከጁምዓ በፊት ይዘጋሉ። እንዲቸኩሉ አታድርጓቸው፣ የኔ ሁለት ቀን ተኩል ፈጅቷል።

ጋሼ፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ሐረጎን ወረድኩ። ጭጋግ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ቀሰቀስኳት። ሰላም በልልኝ ብላችኋለች።